ከባሕር ጠለል በላይ

እኛ የጅሬን ሰዎች ከባሕር ጋር ያለን ዝምድና አንዲት ሐረግ ናት፤ «ከባሕር ጠለል በላይ» የምትለው። ቡና ሊገዛ የመጣ ሰው ከዋጋው ቀድሞ የሚጠይቀው እሷን ነው፤ ቡናው ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ላይ በቀለ? ጅማ ከተማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ እኛ ደግሞ ከከተማዋም በላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩበት ኮረብታ ላይ ነን። ባሕርን አንድም ቀን ሳናየው በስንት ሜትር እንደምንበልጠው ግን ሕፃኑ ሁሉ ያውቃል። ከሰፈራችን ባሕር የተሻገረ ካለ ቡናው ነው። እሱ ከደጃችን ተለቅሞ፣ ታጥቦ ወይም ደርቆ፣ ጅቡቲ ላይ መርከብ ይሳፈራል። እኛ በርጩማችን ላይ እንደተቀመጥን እንቀራለን።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ አንድ የባሕር ጭራቅ ይሥሩልኝ» ሲለኝ የሰማሁትን አላመንኩም። ደግሜ ጠየቅሁት። ጭራቅ ነው ያለው። የባሕር ነው ያለው። እስከ እሑድ ነው ያለው።

ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ እረፍቱን እኛ ጋ ነበር የሚያሳልፈው። አሜሪካ ያለች አክስቱ ከረጢት ልካለታለች፤ ሲፈታው የማዕዘናቸው ብዛት የሚለያይ ጠጠሮች ወጡ፤ ባለ አራት ፊት፣ ባለ ስምንት ፊት፣ ከሁሉም በላይ ባለ ሃያ ፊት። ከነሱ ጋር ደግሞ እንደ ስልክ ማውጫ የወፈረ መጽሐፍ። እህቴ ከረጢቱን ገልብጣ አራገፈችውና «ጫማ አልላከችም?» አለች።

ጨዋታው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1966 ዓ.ም. ያወጡት ነው። እኛ አብዮት ባፈነዳንበት ዓመት እነሱ ዘንዶ ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው። አንዱ ዳኛ ይሆንና ይተርካል፤ የቀሩት በተረቱ ውስጥ የሚኖር አንድ አንድ ሰው ይሆናሉ። ዳኛው «የዋሻው በር ላይ ጅብ ተኝቷል» ይላል፤ ተጫዋቹ «በጎኑ ሾልኬ አልፋለሁ» ይላል፤ ማለፍ አለማለፉን ባለ ሃያ ፊቱ ጠጠር ይፈርዳል።

«ይኼማ ተረት ተረት ነው» አልኩት።

«አዎ ጋሼ፤ እዚህ ግን ‹የላም በረት› ብሎ የሚቀበለው ሰው ተረቱ ውስጥ ገብቶ ያበላሻል።»

ነገሩ ለጅማ ሰው ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ በምርቃና ፎቅ ያልሠራ፣ ፋብሪካ ያልከፈተ፣ አገር ያላስታረቀ ማን አለ? በርጫ ላይ ጠጠር ስለማይጣል ሁሉም ሰው ይሳካለታል፤ ሌላው ያው ነው።

መጽሐፉ ውስጥ የተዘጋጀ የባሕር ጭራቅ አለ፤ ክራከን ይሉታል። መነሻው የኖርዌይ መርከበኞች ወሬ ነው፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኤሪክ ፖንቶፒዳን የተባለ የበርገን ጳጳስ በመጽሐፉ አስፍሮታል። ጳጳሱ እንደሚለው ጀርባው ከውሃ ሲወጣ ደሴቶች የተበተኑ ይመስላል። በጨዋታው መጽሐፍ ግን ጳጳሱ ሞቶ ሒሳብ ሹም ተተክቷል፤ የነፍሱ ነጥብ 472፣ የጋሻው 18፣ የአስቸጋሪነት ደረጃው 23። አነበብኩት፣ ገልብጬ አነበብኩት። ስንት ጊዜ ቢመታ እንደሚሞት የሚነግር ቁጥር አለ፤ ስንት ክንድ ርቆ እንደሚመታ የሚነግር ቁጥር አለ። ምን እንደሚፈልግ የሚነግር ቁጥር ግን አጣሁ።

ቢሆንም እሑድ ደረሰ፤ አራት ወጣቶች ሳሎናችን ውስጥ ተሰበሰቡ። ሁለቱ የእህቴ ልጅ የክፍል ጓደኞች፣ አንዷ ቡና ቅምሻ የተማረች ልጅ፣ አንዱ የባጃጅ ሾፌር። እያንዳንዳቸው የጨዋታ ስም ያስፈልጋቸው ነበርና የአገሩን ወግ ተከትለው የፈረስ ስም አወጡ። ተማሪዎቹ አባ ነጎድጓድና አባ መብረቅ ተባሉ። ቀማሿ «እኔ አባ ምናምን አልባልም» አለችና የጅማ ነገሥታት ሚስቶች የሚጠሩበትን «ጌኔ» የሚለውን ማዕረግ ወሰደች። ሾፌሩ ጥቂት አሰበና አባ ክላክስ ሆነ።

ጭራቁን የማቅረብ ዕድል ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም የዕድሜ ልክ ወሬኛ ነኝና ሁሉን ባንድ ትንፋሽ አወረድኩት፤ ዓይኑ ይህን ያህል፣ ክንዶቹ ያን ያህል፣ ጥርሱ፣ ጭራው፣ የሚተፋው መርዝ። ስጨርስ ጸጥታ ሆነ። የፈሩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ይበላል?» አለ አባ ክላክስ።

አባ ነጎድጓድ ሐላል መሆኑን ጠየቀ። አባ መብረቅ ፍልሰታ ስለነበር የጾም መሆን አለመሆኑን ጠየቀ። በዚህ ላይ ክርክር ተነሣና ጭራቁ ባሕሩ መሃል ክንዶቹን ዘርግቶ ውሳኔ ይጠብቅ ጀመር። የእህቴ ልጅ ለጓደኞቹ አዝኖ መሣሪያ አትረፍርፎ ሰጥቷቸው ኖሮ፣ ክርክሩ ሲያልቅ እየደመሩና እየቀነሱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 472ቱን ዜሮ አስገቡት። አንዳቸውም ከወንበራቸው አልተነሡም። አባ ክላክስ ድል ካደረገ በኋላ ስልኩን ያይ ነበር።

ማታ የእህቴ ልጅ አልበላም። እኔም ነገሩን እንደ ቤተሰብ ውርደት ቆጠርኩትና ሰው መጠየቅ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ጎረቤቴ ጋ ነው፤ በጉብዝናቸው ምፅዋ ላይ ባሕር ኃይል አገልግለዋል። ባሕሩ ላይ ያዩትን ትልቁን ጭራቅ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። «ማቅለሽለሽ» አሉኝ። ከዚያ ግን ስለ መርከቧ ስለ «ኢትዮጵያ» አጫወቱኝ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ስትመጣ የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ ስሙን ያገኘችው ከአንድ የአላስካ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ቃሉ ግን የገዳዩ ዓሣ ነባሪ ስም ነው። የራሳችን የምንለው አንድ የባሕር አውሬ ነበረንና እሱንም ስሙን ቀየርነው። በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጠች። ጎረቤቴ ይህን ሲሉ ሲኒያቸውን ማሽከርከር ጀመሩ፤ ስለ ጭራቅ ልጠይቅ የመጣሁ ሰው ሌላ ነገር መጠየቅ አልቻልኩም። ስወጣ ግን ከበሩ ጠርተው መለሱኝ። «ባሕር ላይ» አሉ፣ «በጨለማ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ከታችህ ምን እንዳለ ማሰብ ትጀምራለህ። ያኔ ጭራቅ የሚሠራልህ ሰው አያስፈልግም።»

ሁለተኛ ወደ መጻሕፍት ሄድኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ። ደገኞች ሆነን ከባሕር ጭራቅ ጋር ያለን ቀጠሮ የጥንት ነው። ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክ ሁለት አውሬዎች ይዟል፤ ሌዋታን በባሕሩ ጥልቅ፣ ብሔሞት በምድረ በዳው። ሌዋታን ሴት ናት፤ ብሔሞት ወንድ ነው፤ ተለያይተው ነው የሚኖሩት፤ ምክንያቱን አልጠይቅም። ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ ደግሞ መርከበኞች ደሴት መስሏቸው መልሕቅ ስለሚጥሉበት ትልቅ ዓሣ ይተርካል፤ እሳት አንድደው ሊያበስሉ ሲሉ ትኩሳቱ ይሰማውና ከነመርከባቸው ይሰምጣል። ዮናስ ዓሣው ሆድ ውስጥ ሦስት ቀን አደረ፤ ጎረቤቶቼም ነቢዩ ዩኑስ ብለው ያንኑ ታሪክ ያውቁታል። በጅማ የትኛውም ቤት ብትገባ አንድ ሰው ዓሣ ሆድ ውስጥ እንደገባ ይነግሩሃል።

አክሱም ላይ ነግሦ ነበር ስለሚባለው ስለ ዘንዶው አርዌም አሰብኩ። እሱ የየብስ አውሬ ቢሆንም የገደሉበት መንገድ ለጨዋታ ዳኛ ትምህርት ነው። በነጋዴዎች የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባን ሥዕል ያየ ያውቀዋል፤ ጀግናው በጦር አልተጋፈጠውም፤ መርዝ ለፍየል አበላ፣ ፍየሏን ለዘንዶው አበላ። የዘንዶውን ነጥብ የቆጠረ የለም። ዘንዶው ፍየል እንደሚወድ ግን አንድ ሰው ልብ ብሎ ነበር።

የብሔሞትን ነገር ለእማዬ ስነግራት ሳቀች። በመጽሐፈ ኢዮብ ያለው ብሔሞት ጉማሬ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች ብዙ ናቸው፤ ሸምበቆ ሥር ይተኛል፣ እንደ በሬ ሣር ይበላል። «ሮቢ ነዋ!» አለች። እማዬ ያደገችው ቦዬ ጨፌ አጠገብ ነው፤ ጉማሬን ዛሬም ከነኦሮምኛ ስሙ ነው የምትፈራው። ቦዬ ከጅማ አፍንጫ ሥር ያለ ረግረግ ነው፤ ጉማሬ አለበት። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ይግጣል። በልጅነቷ ማታ ማታ የአባቷን የበቆሎ ማሳ ይጎበኝ ነበር።

«ምን ይመስል ነበር?»

«እኔ የት አይቼው!»

ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቦዬ ዳር አድጋለች፤ ጉማሬ አላየችም። ያየችው ጠዋት ማሳው ውስጥ የተከፈተውን መንገድ ነው፤ በሬ የማያህለው ነገር ያለፈበት። የሰማችው ሌሊት ውሃው ውስጥ የሚተነፍሰውን ነው። አባቷ እሳት ዳር ተቀምጠው ሲያድሩ፣ እናቷ «ዛሬ እንዳትወጪ» ሲሉ፣ ውሻው ሳይጮህ ከአልጋው ሥር ሲገባ። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ሰባ ዓመት አልፎ። እኔ ስምንት ክንድና ሁለት ተራ ጥርስ ገልጬ ያላገኘሁትን ፍርሃት እሷ በአንድ ያልጮኸ ውሻ አገኘችው።

የእህቴ ልጅ ይህንን ሰምቶ «ጆውስ!» አለ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው በዚያ ፊልም የተሠራው የብረት ሻርክ ጨው ውሃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ሻርኩን ሳያሳይ ብዙውን ፊልም ለመሥራት ተገደደ፤ ዓለም የፈራው ለዚያ ነው። እማዬ ስፒልበርግን አታውቀውም፤ ስነግራት «ጎበዝ ልጅ ነው» አለች።

የቀረን ባሕሩ ነበር። እሱም ከደጅ ተገኘ። በክረምት ጠዋት ከጅሬን ቁልቁል ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከተማው የለም፤ ሜዳው የለም፤ ነጭ ጉም ሸለቆውን ሞልቶ የኮረብታዎቹ ጫፍ ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። ለጨዋታው ስልክ ላይ የባሕር ፎቶ ስንፈልግ ሰነበትን፤ ባሕሩ በረንዳዬ ሥር ሲመጣና ሲሄድ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ጠረጴዛውን በረንዳ ላይ አወጣነው፤ በማለዳ፣ ጉሙ ሳይነሣ። ታንኳ ሰጠናቸው። መሣሪያቸውንም የእህቴ ልጅ ቀነሰው፤ አባ ክላክስ ለአንድ ሰይፍ ሩብ ሰዓት ተከራከረ። ከዚያ የእማዬን ነገር በትንሽ በትንሹ አንጠባጠብንላቸው። ወፎቹ የሉም። መረባችሁ ከታች ወደ ላይ ተቀዷል። ውሃው ይተነፍሳል፤ ከየት በኩል እንደሆነ አይታወቅም። ጌኔ ጋቢዋን ሰበሰበች። አንድ ሰው ሳያስበው ወደ ጉሙ ዞሮ አየ፤ የመጀመሪያ ድሌ ነበር።

ከዚያ ደሴት አያችሁ አልናቸው። ካርታው ላይ የሌለ ደሴት። ርጥብ ናችሁ፣ በርዷችኋል፣ ደሴቱ ላይ ደረቅ እንጨት አለ። ከዚህ በኋላ እኔና የእህቴ ልጅ ዝም አልን። ብርድ ላይ የተጣሉ አራት የጅማ ልጆች በስንት ደቂቃ ቡና እንደሚያፈሉ ቀድመን ተወራርደን ነበር። እኔ አሥር ደቂቃ አልኩ፤ እሱ አምስት።

«ጀበና ይዘናል?» አለች ጌኔ፤ በስድስተኛው ደቂቃ።

አቦሉ ሲጠጣ ምንም አልሆነም። ቶናው ላይ ደሴቱ ወደ ውስጥ የተነፈሰ መሰላቸው። በረካው ሲቀዳ መሬቱ ከሥራቸው ቀስ ብሎ ዞረና ኮረብታ ያሉት ነገር ዓይኑን ገለጠ። አባ ነጎድጓድ ጦሩን ሰበቀ፤ አባ መብረቅ ጠጠሩን አፈሰ። ጌኔ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

«ቆይ፤ ምን ፈልጎ ነው?»

የእህቴ ልጅ አየኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና በጭራቅ ድምፅ፣ የእማዬን አነጋገር ሰርቄ ተናገርኩ። «ጀርባዬ ላይ እሳት አነደዳችሁ። ሦስቱንም ሲኒ ጠጣችሁ። አንድ ሰው እንኳ ‹ኮታ ቡና ዱጋ› አይልም?»

አራቱም አንገታቸውን ደፉ። ቡና አፍልቶ ጎረቤት አለመጥራት! ይህን በ472 ነጥብ ማስተስረይ አይቻልም። አባ ክላክስ «አላየንዎትም ነበር» አለ፤ በአንቱታ ነው ያለው፤ ለጭራቁ። ከዚያ በኋላ ውጊያ የሚባል ነገር ማንም አላነሣም፤ ሽምግልና ተጀመረ።

በዕድሜ ትልቁ አባ ክላክስ ነበርና ሽማግሌ ሆኖ ተላከ፤ 24 ዓመቱ ነው። ጠጠሩን ጣለ፤ 2 ወጣ። የእህቴ ልጅ ዓይኑ በራ። «አልተቀበላችሁም! በሉ ተዋጉ!»

«እንዴ» አለች ጌኔ፣ «ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ ተብሎ ያውቃል?»

መጽሐፉ ተገለጠ፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚል ነገር አልተገኘበትም። የአገር ልማድ ጸደቀና ሽማግሌው ተመልሶ ሄደ። ሁለተኛው 7 ሆነ፤ ጭራቁ «እናስብበት» አለ። ሦስተኛው 15 ወጣ፤ ስምምነት ሆነ። በየዓመቱ ሦስት ኬሻ ቡና፣ አንድ ገንቦ ማር፣ ለቡና ቀላ የሚሆን ቅቤ፤ ጭራቁም ታንኳዎቻቸውን ከሌላ አውሬ ይጠብቃል። ተጨበጨበ። ጉሙ እየተነሣ ነበር፤ የከተማው ጣሪያ ታየ።

የእህቴ ልጅ ግን ፊቱ ጠቆረ። ሳምንት ሙሉ የሠራነው ጭራቅ አንዲት ጭረት ሳይደርስበት ጡረታ ወጣ። «ለመሸነፍ የተሠራ ጨዋታ አይደለም እኮ» አለ።

ጌኔ በአገጯ ወደ ኮረብታው አናት፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ አመለከተች። «እዚያ ያሉትስ እንዲህ አይደል ያደረጉት?»

እውነቷን ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር የሸዋ ኃይል ሲመጣባቸው ገና ወጣት ነበሩ። እናታቸው ጉሚቲ ከመዋጋት መገበር ይሻላል ብለው መከሯቸው ይባላል፤ ለምኒልክ ገበሩ። ጅማ አልተቃጠለችም፤ እሳቸውም በግዛታቸው ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆዩ። የእንጨቱ ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሞ የምናየው በዚያ ነው። (ማንንም ንጉሥ ከማንም ጭራቅ ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም። ይህን ክርክር የሚፈልግ ሰው በርጫ ላይ በቂ ተከራካሪ ያገኛል።)

የእህቴ ልጅ ምንም አልመለሰም። ሳምንቱን ሙሉ ግን የእኔን የታሪክ መጻሕፍት ከመደርደሪያ እያወጣ ሲያነብ አየሁት፤ በሕይወቱ ያላደረገውን። አንድ ማታ መጥቶ «ጋሼ፣ አባ ጅፋር ከገበሩ በኋላስ?» አለኝ። ወላይታ ላይ ሲዘመት፣ ከፋ ላይ ሲዘመት የጅማም ጦር አብሮ እንደሄደ ነገርኩት። «ጥሩ» ብሎ ሄደ። አባባሉ አላማረኝም።

ሦስተኛው እሑድ ላይ ተጫዋቾቹ ደስ ብሏቸው መጡ። ጌኔ ለጭራቁ የሚላከውን ቡና ደረጃ አውጥታ በወረቀት ይዛለች። የእህቴ ልጅ ከኪሱ የታጠፈ ደብዳቤ አወጣና ቆሞ አነበበ።

«ይድረስ ለወዳጆቼ። ቡናው ደርሶኛል፤ ቆንጆ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በደቡብ በኩል ያለው ጎረቤቴ ላይ እዘምታለሁ። በስምምነታችን መሠረት ጋሻና ስንቅ ይዛችሁ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ጀርባዬ ላይ እንድትገኙ። ጀበናውን እንዳትረሱ።»

አባ ነጎድጓድ ስምምነቱ ላይ ይህ አልነበረም አለ። አባ መብረቅ የደቡቡ ጎረቤት የነፍስ ነጥብ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ጌኔ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቤተ መንግሥቱን ረጅም ጊዜ አየች። አባ ክላክስ ብቻ በጣቱ እየቆጠረ ነበር።

«ጀርባው ስንት ሰው ይጭናል?» አለ።

የእህቴ ልጅ መጽሐፉን መግለጥ ጀመረ።

«ትርፍ ይቻላል?»